ቤትዎ ፎርክሎዠር ውስጥ ሲገባ፦ በሜሪላንድ ጠበቃ አፈላልጎ የመያዝ መመሪያ

«የባንክ ወረቀት መጣብኝ፤ ማንን ልያዝ? ስንት ልክፈል? አሁንስ ረፍዶብኝ ይሆን?» ይህ ጥያቄ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአካባቢው ሳያቋርጥ ስለሚመጣ መልሱን በአንድ ቦታ አስቀምጠነዋል። ፎርክሎዠር ማለት የቤት ብድር ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ ቤቱን በጨረታ የሚሸጥበት ሂደት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ገዝቶ ራሱ ለሚኖርበት ሰው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ፎርክሎዠር በአብዛኛው ፍርድ ቤት ሳይገባ ይፈጸማል፣ ዲሲም የራሱ ሕግ አለው፤ ስለዚህ ቤትዎ እዚያ ከሆነ ከታች ያሉትን ቀናት አይቁጠሩባቸው። ጠበቃን መመዘኛው ግን የትም ያው ነው።

ብዙ ሰው ፍለጋውን «ጎበዝ ጠበቃ ማን ነው?» ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን «ስንት ቀን ቀረኝ?» የሚለው ነው። ሁለት ወር የቀረው ሰውና አራት ቀን የቀረው ሰው የሚያስፈልጋቸው ጠበቃ አንድ ዓይነት አይደለም።

አስቀድመው የሚያዘጋጇቸው

– ከባንክ፣ ከፍርድ ቤትና ከባንኩ ጠበቆች የመጡ ደብዳቤዎች ሁሉ፣ ከነፖስታቸው። ደብዳቤው መቼና በምን ዓይነት ፖስታ እንደተላከ የሚያሳየው ኤንቨሎፑ ስለሆነ አይጣል።
– የመጨረሻው የሞርጌጅ ስቴትመንት።
– ቤቱን ሲገዙ የፈረሙት የብድር ሰነድና «ዲድ ኦፍ ትረስት»፣ ማለትም ቤቱን የብድሩ መያዣ ያደረጉበት ሰነድ። «ዲድ ኦፍ ትረስት»ዎ ከጠፋ ቅጂውን በሜሪላንድ የመሬት መዝገብ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍተው ያለ ክፍያ ያገኙታል።
– ከዚህ በፊት ብድሩ ተስተካክሎ ወይም ክፍያው ተላልፎ ከነበረ የዚያ ስምምነት።
– የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት፣ የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት፣ የሁለት ዓመት የታክስ ሰነድ። በኡበር፣ በታክሲ ወይም በራስዎ ንግድ የሚተዳደሩ ከሆነ የገቢና የወጪ መግለጫ፤ የደመወዝ ወረቀት የሌለው ሰው ማመልከቻው «አልተሟላም» ተብሎ ከሚመለስባቸው ምክንያቶች አንዱ የዚህ መጓደል ነው።
– ከባንኩ ጋር በስልክ የተነጋገሩበት ቀን፣ የመለሰልዎት ሰው ስምና የነገረዎት ነገር፣ በአንድ ገጽ።

ደረጃ 1፦ የትኛው ላይ እንዳሉ ይለዩ

ፎርክሎዠር በአንድ ቀን የሚወርድ ዱብ ዕዳ አይደለም፤ በየደረጃው የራሱ ወረቀትና የራሱ ቀነ ገደብ አለው።

ሀ. መዝገብ ከመከፈቱ በፊት። በእጅዎ ያለው «ኖቲስ ኦፍ ኢንተንት ቱ ፎርክሎዝ» የሚል የፎርክሎዠር ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት አልገባም ማለት ነው። ይህ ደብዳቤ መዝገብ ከመከፈቱ ቢያንስ 45 ቀን ቀድሞ መላክ አለበት። በፌዴራል ደንብም በመደበኛው አካሄድ ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ሳይዘገይ ባንኩ መዝገብ ማስከፈት አይችልም። ከደብዳቤው ጋር የሚመጣው የብድር ማስተካከያ ማመልከቻ፣ ማለትም «ሎስ ሚቲጌሽን አፕሊኬሽን»፣ ተሞልቶ የሚመለሰው አሁን ነው። እዚህ ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ጠበቃ ከመያዙ በፊት በነጻ አማካሪ ብቻ ሊጨርስ ይችላል።

ለ. መዝገብ ከተከፈተ በኋላ። «ኦርደር ቱ ዶኬት» የሚል፣ የፎርክሎዠሩ መዝገብ የተከፈተበት ጥቅል ወረቀት በእጅ ይሰጥዎታል። በተለያዩ ቀናት ሁለት ጊዜ ሞክረው ካጡዎት በፖስታ ልከው በርዎ ላይ ይለጥፉታል፤ ያም እንደደረሰዎ ይቆጠራል። በር ባለመክፈት የሚቆም ቀን የለም።

ጥቅሉ ውስጥ «ፕሪሊሚናሪ» (ጊዜያዊ) ወይም «ፋይናል» (የመጨረሻ) የሚል «ሎስ ሚቲጌሽን አፊዴቪት»፣ ማለትም ባንኩ ስለ ብድር ማስተካከያው የሚሰጠው የመሐላ ቃል፣ ይፈልጉ። «ፋይናል» የሚለው ከደረሰዎ ፎርክሎዠር ሚዲየሽን፣ ማለትም በገለልተኛ አስታራቂ ፊት ከባንኩ ጋር መቀመጥን፣ ለመጠየቅ 25 ቀን አለዎት። ቅጹ አብሮት ይመጣል፤ ከ50 ዶላር ጋር መዝገቡ ለተከፈተበት የካውንቲ ፍርድ ቤት፣ ማለትም ለሰርኪት ኮርቱ፣ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቅጂው ለባንኩ ጠበቃ ይላካል። 50 ዶላሩን መክፈል ካልቻሉ እንዲቀርልዎ መጠየቅ ይቻላል። ጠበቃ እስኪያገኙ ብለው ይህን ቀን አያሳልፉ፤ ቅጹን ራስዎ ሞልተው ያስገቡና ጠበቃውን በኋላ ይያዙ።

ሐ. የጨረታ ቀን ከተቆረጠ በኋላ። ሦስት ነገሮችን ይያዙ። አንደኛ፣ የተሟላ የማስተካከያ ማመልከቻ ከጨረታው ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከደረሳቸው ውሳኔ ሳይሰጡ መሸጥ በፌዴራል ደንብ አይፈቀድላቸውም። ሁለተኛ፣ ውዝፉን ከነቅጣቱና ከነወጪው ከፍሎ ብድሩን ወደ መስመር የመመለስ መብትዎ ከጨረታው አንድ የሥራ ቀን በፊት ያበቃል። ሦስተኛ፣ ቻፕተር 13 የሚባለው የኪሳራ ሕግ መዝገብ ጨረታው ከመካሄዱ በፊት ከተከፈተ ሽያጩን ያስቆማል፤ ከተሸጠ በኋላ ከተከፈተ ግን ቤቱን መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ቀኑ ከተቃረበ የሚፈልጉት የኪሳራ ሕግ ጠበቃ ነው፤ በግሪንበልት ወይም በባልቲሞር ባለው የፌዴራል ኪሳራ ፍርድ ቤት የሚቆም።

መ. ከተሸጠ በኋላ። የሽያጩ ሪፖርት መግባቱን የሚገልጸው ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ለመቃወም 30 ቀን አለ። ተቃውሞው በዋናነት ጨረታው በተካሄደበት መንገድ ላይ ነው። «ብድሩ ላይ ስህተት ነበር» የሚለው ክርክር ከጨረታው በፊት መቅረብ የነበረበት ነው።

ያሉበትን ካላወቁ «ሜሪላንድ ጁዲሺያሪ ኬዝ ሰርች» በሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ላይ ስምዎን ያስገቡ። የባንክዎን ስም ካጡ «አልተከሰስኩም» ብለው አይዘናጉ። በሜሪላንድ ፎርክሎዠር ከሳሽ ሆነው የሚጻፉት «ሰብስቲቲዩት ትረስቲ» የሚባሉ የባንኩ ጠበቆች በግል ስማቸው ስለሆነ የሚያዩት የማያውቋቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። የእርስዎ ስም በፓስፖርትና በብድር ሰነድ ላይ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ከሆነ በሁሉም አጻጻፍ ይፈልጉ።

ደረጃ 2፦ የሚፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ቤቱ ውስጥ መቆየት ነው? ራስዎ ሸጠው ትርፉን ይዘው መውጣት ነው? ወይስ ዕዳ ሳይከተልዎ መልቀቅ? ጠበቃው ሥራውን የሚለካው በዚህ ነው። ቤቱ ካለበት ዕዳ በጣም የሚበልጥ ዋጋ ካለው ለረጅም ክርክር ከመክፈል ይልቅ ቀን አራዝሞ በደላላ መሸጥ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 3፦ ሦስት ስም ያግኙ

አንድ ስም ብቻ ይዞ መሄድ ማወዳደሪያ ያሳጣል። በዚህ ቅደም ተከተል ይፈልጉ፦

1. በፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት «ኸድ» (HUD) የጸደቀ የቤት አማካሪ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ በ800-569-4287 ይገኛል። ጠበቃ አይደለም፤ ማመልከቻውን ግን አብሮዎት ይሞላል፣ ጠበቃ ያስፈልግዎ እንደሆነም ይነግርዎታል።
2. ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ነጻ የሕግ ድጋፍ፦ ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድና ሜሪላንድ ቮለንቲር ሎየርስ ሰርቪስ። የፍርድ ቤቶቹ የእርዳታ ማዕከልም በ410-260-1392 ከጠበቃ ጋር በነጻ ያነጋግራል፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል ያስረዳል እንጂ ችሎት አይቆምልዎም። ሲደውሉ «አማርኛ አስተርጓሚ» ይበሉ።
3. በሞንትጎመሪ ወይም በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የጠበቆች ማኅበር የጠበቃ ማገናኛ አገልግሎት። «ፎርክሎዠር ተከላካይ» ብለው ለይተው ይጠይቁ፤ «የሪል እስቴት ጠበቃ» ካሉ ቤት ሲገዛ ውል የሚዘጋ ሰው ሊሰጥዎ ይችላል።
4. የተጠቃሚዎች መብት ጠበቆች ማኅበር «ናካ»፣ ለቻፕተር 13 ደግሞ የኪሳራ ጠበቆች ማኅበር «ናክባ» የአባላት ዝርዝር።

ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ ወይም ከዕድር የሚገኝ ስምም ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን እሱም በሚቀጥለው ደረጃ ማለፍ አለበት።

ማስጠንቀቂያ

መዝገብዎ ሲከፈት ለሁሉም የሚታይ ስለሆነ ደብዳቤና ስልክ ይጎርፍብዎታል። ጠበቃ ያልሆነ ሰው «ብድሩን አስተካክልልሃለሁ» ብሎ የባንኩን የጽሑፍ ስምምነት ይዞ መጥቶ እርስዎ ከመቀበልዎ በፊት ገንዘብ መውሰድ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው፤ የሜሪላንድ ሕግም ሥራው ሳይጠናቀቅ ክፍያ መቀበልን ይከለክላል። ሰውየው የአገር ልጅ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። «ቤቱን ለጊዜው በስሜ እናዙረው፣ አንተ ተከራይተህ ትቀመጣለህ፣ በኋላ እመልስልሃለሁ» የሚል ሰው ካለ ምንም አይፈርሙ። ስሙ ከዞረ በኋላ ቤቱ የእርስዎ አይደለም፣ የብድሩ ዕዳ ግን በእርስዎ ስም ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ፈቃዱን ራስዎ ያረጋግጡ

በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ባለው የጠበቆች ዝርዝር ስሙን ይፈልጉ፤ ፈቃዱ በአሁኑ ሰዓት የሚሠራ መሆን አለበት። ከዚያ የጠበቆች ቅሬታ ኮሚሽን ካወጣቸው የቅጣት ውሳኔዎች ውስጥ ስሙ እንደሌለ ያረጋግጡ።

ይህ ደረጃ ለእኛ ማኅበረሰብ ልዩ ክብደት አለው። የኢሚግሬሽን ሕግ ፌዴራል ስለሆነ የየትኛውም ስቴት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሜሪላንድ ውስጥ ቢሮ ከፍቶ የኢሚግሬሽን ጉዳይ መሥራት ይችላል። ስለዚህ ግሪን ካርድዎን የጨረሰልዎት፣ ቋንቋዎን የሚናገር፣ የሚያምኑት ጠበቃ በሜሪላንድ ሰርኪት ኮርት ለመቆም ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። የዲሲ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ፍርድ ቤቶች ባሉባቸው በሮክቪል ወይም በአፐር ማርልቦሮ ብቻውን አይቆምልዎም። ቢታመኑበት እንኳ ለዚህ ጉዳይ ሌላ እንዲጠቁምዎት ይጠይቁት።

ደረጃ 5፦ ስልኩን አጭር ያድርጉት

ስልኩን የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ጸሐፊ ነው፤ ታሪኩን ከመነሻው ለማድመጥ ጊዜ የለውም። ይህን ብቻ ይበሉ፦ ቤቱ በየትኛው ካውንቲ እንዳለ፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የመጨረሻው ወረቀት ዓይነትና የደረሰበት ቀን፣ ጨረታ ተቆርጦ ከሆነ ቀኑ፣ ስንት ወር እንዳልከፈሉ፣ የሚፈልጉት ውጤት። የባንኩንና የ«ሰብስቲቲዩት ትረስቲ»ዎቹን ስም ይስጡ፤ ቢሮው ከእነሱ ጋር የሚሠራ ከሆነ የእርስዎን ጉዳይ መያዝ ስለማይችል ገና ከጅምሩ ይወቁት። የመጀመሪያው ምክክር ይከፈልበት እንደሆነም አሁኑኑ ይጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ፊት ለፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ። ልጆች የሕግ ቃል ይስታሉ፣ ወላጅን የሚያስደነግጥ ነገርም ይደብቃሉ።

«በዚህ ካውንቲ ለቤት ባለቤት የቆሙባቸውን የሦስት መዝገቦች ቁጥር ይሰጡኛል?» የፍርድ ቤት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ይህ ነውር ጥያቄ አይደለም። ቁጥሩን ኬዝ ሰርች ላይ አስገብተው ምን እንዳስገባ፣ በቀኑ አስገብቶ እንደሆነ፣ ምን እንደተወሰነ ያያሉ። በግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሰርተፊኬት የሚበልጥ ማስረጃ ይህ ነው። ለመስጠት ካልፈለገ ቢያንስ ምን ዓይነት ጉዳዮች እንደሠራ በዝርዝር ይንገርዎት።

«ሽያጩን ለማሳገድ ወይም መዝገቡን ለማሰረዝ አቤቱታ ብናቀርብ መከራከሪያችን ምንድን ነው?» ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። አቤቱታው የሚቀርበው በሜሪላንድ ደንብ 14-211 ነው። በመሐላ መደገፍ፣ እያንዳንዱን መከራከሪያ በፍሬ ነገርና በሕግ ለይቶ ማስረዳት፣ ሰነድ ማያያዝ አለበት፤ ይህን ካላሟላ ወይም ቀኑ ካለፈ ዳኛው ሳያከራክር ሊዘጋው ይችላል። የ15 ቀን ገደብ አለው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ግን እንደየሁኔታው የመጨረሻው «አፊዴቪት» ከገባበት ወይም ሚዲየሽን ከተጠየቀ ከእሱ ጋር ተያይዞ ስለሆነ ጠበቃው በቀን መቁጠሪያ ላይ ያሳይዎት። «ሥራ አጥቼ ነው» የሚለው እውነት ቢሆንም መከራከሪያ አይሆንም። የከፈሉት ገንዘብ አለመመዝገቡ፣ የ45 ቀኑ ማስጠንቀቂያ አለመላኩ፣ የተሟላ ማመልከቻ ገብቶ ሳለ ወደ ሽያጭ መሄዳቸው ግን መከራከሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። ጠበቃው ወረቀትዎን ሳያገላብጥ «እናሸንፋለን» ካለ ሌላ ይፈልጉ።

«ቻፕተር 13 ለእኔ ይሆናል? እርስዎ ይሠሩታል ወይስ ሌላ ሰው?» ቻፕተር 13 ውዝፉን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት አካፍሎ ለመክፈል ያስችላል፤ መደበኛ ገቢ ይፈልጋል፣ የወሩም ሞርጌጅ ከጎኑ መከፈል አለበት። መዝገብ ከመከፈቱ በፊት የክሬዲት ምክር ኮርስ መውሰድ ግዴታ ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ከፍተው የተዘጋብዎት መዝገብ ካለ ለጠበቃው አይደብቁ፤ ሽያጩን የሚያስቆመው እገዳ በ30 ቀን ያበቃል፣ ሁለት ከሆኑ ደግሞ ጭራሽ ላይጀምር ይችላል።

«ጉዳዩን የሚሠራው ማን ነው? አስቸኳይ ነገር ሲኖር በስንት ሰዓት ይመልሱልኛል?» ያነጋገረዎት አንድ ሰው፣ ችሎት የሚቆመው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ውሉና ገንዘቡ

ክፍያ ሦስት መልክ አለው፦ ለተወሰነ ሥራ ቁርጥ ዋጋ፣ በሰዓት የሚታሰብ፣ ወይም ለአንድ ክፍል ብቻ የሚደረግ ውስን ውክልና። ሙሉውን መክፈል ካልቻሉ ሦስተኛውን ይጠይቁ፤ የሜሪላንድ ደንብ ጠበቃ ለአንድ ችሎት ወይም ለሚዲየሽኑ ብቻ እንዲቆም ይፈቅዳል። ይህ አማራጭ መኖሩን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ጭራሹን ያለ ጠበቃ ይቀራል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ እነዚህንም ይያዝ፦ ክፍያው ማመልከቻውን፣ ሚዲየሽኑን፣ የእግድ አቤቱታውን፣ ችሎቱን፣ ይግባኙን የሚያካትተው የትኛውን እንደሆነ፤ የፍርድ ቤት ወጪ በማን እንደሆነ፤ ገና ያልተሠራበት ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ። «ሙሉ አገልግሎት» የሚል ቃል ብቻ ካለ አይፈርሙ፤ ጠብ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ካልገባዎ ወደ ቤት ወስደው ያስነብቡ።

ቅድሚያ የሚከፍሉት ገንዘብ ሥራው እስኪሠራ ድረስ በጠበቃው የደንበኞች አደራ ሂሳብ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ቼኩን በሕግ ቢሮው ስም ይጻፉና ደረሰኝ ይቀበሉ። ለግል ስልክ ቁጥር በዜል መላክ፣ ወይም ላገናኘዎት ሰው በእጅ መስጠት፣ ኋላ ገንዘቡን ለማስመለስ ማስረጃ ያሳጣዎታል።

ደረጃ 8፦ ከያዙ በኋላ

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኬዝ ሰርች ላይ ገብተው የጠበቃው ስም በመዝገብዎ ላይ መስፈሩን ይመልከቱ። ካልሰፈረ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለምክር ብቻ ተዋውለው ሊሆን ይችላል፣ ካልሆነ ግን ፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንዳለዎት አያውቅም። ባንኩ ከጠበቃው ጋር እንዲነጋገር የፈቃድ ቅጽ ይፈርሙ። ለችሎት የአማርኛ አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ በነጻ ያቀርባል፤ ጥያቄው 30 ቀን ቀደም ብሎ እንዲገባ ጠበቃውን ያሳስቡ።

ዘወትር የሚሠሩ ስህተቶች

– ፖስታ አለመክፈት። ጠበቃ ከያዙም በኋላ ወረቀት ወደ ቤትዎ መምጣቱን ይቀጥላል፤ ፎቶ አንስተው በዕለቱ ይላኩለት።
– ባንኩ ማመልከቻዬን እያየ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ይጠብቀኛል ማለት። ማመልከቻው አንድ ወረቀት ከጎደለው «የተሟላ» አይባልም፣ ጥበቃውም አይጀምርም። «ተሟልቷል» የሚል ደብዳቤ በእጅዎ ይኑር።
– ከፊል ክፍያ ልኮ ጉዳዩ ቆሟል ማለት። ባንኩ ሊመልሰው ወይም ሂሳብ ሳያደርገው ሊያቆየው ይችላል።
– ጨረታው ተላለፈ ሲባል ተረስቷል ማለት። አዲሱን ቀን ጠበቃው በጽሑፍ ይንገርዎት።
– ጠበቃው ስልክ አልመለሰም ብሎ ዝም ብሎ መጠበቅ። በኢሜይል ይጠይቁ፤ ካልሆነ በማንኛውም ጊዜ ማሰናበት ይችላሉ። ፋይልዎንና ያልተሠራበትን ገንዘብ የመመለስ ግዴታ አለበት። ብቻ ተተኪውን ሳያገኙና ቀጣዩን ቀነ ገደብ ሳያውቁ አያሰናብቱ።

ቤቱ ተሽጦ ዋጋው ከዕዳው ከበለጠ፣ ሌሎች አበዳሪዎች ከተከፈሉ በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ የእርስዎ ነው። የፍርድ ቤቱ ኦዲተር ሂሳቡን ሠርቶ መዝገቡ ላይ ያስገባል። ከቤት ሲወጡ አዲሱን አድራሻዎን ለመዝገብ ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ አለበለዚያ ወረቀቱ ወደማይኖሩበት ቤት ይሄዳል። «የተረፈ ገንዘብ አለህ፣ ከፊሉን ስጠኝና ላውጣልህ» የሚል ሰው ቢደውል ከመፈረምዎ በፊት ያንኑ ጠበቃ ወይም የእርዳታ ማዕከሉን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ በአንድ አጭር ማመልከቻ የሚወጣ ገንዘብ ነው።